በኪሴ ይዤው የሄድኩት ቁልፍ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ? የልጆቹ አባት ሳሉ ለቀቀው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ፊቴን ግን ወዴት እንደማዞረው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ። አፍሬ ነው።

አሁን የምሠራው ካርታ ማተሚያ ቤት ነው፤ አገሮችን በቀለም እለያለሁ። ባለፈው ሳምንት በአንድ አገር መሃል ጠብ ያለች የሌላ አገር ቀለም አየሁና ፍንጣቂ መስላኝ አጠፋኋት። በሌሉበት «ኤሊ» የምንላቸው ዝግተኛው አለቃችን መጥተው፣ ሰው የሚኖርበት መንደር እንዳጠፋሁ ነገሩኝ። ወይ ጉዴ!

ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። ዙሪያዋን በሌላ አገር መሬት የተከበበች ቦታ ኤንክሌቭ ትባላለች። ከዋናው አገሯ ተቆርጣ የቀረች ደግሞ ለባለቤቷ ኤክስክሌቭ ናት። አንዲት ቦታ ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች፤ እኔ ያጠፋኋት እንደዚያ ነበረች። የተቆረጠችው ቦታ ሁለት አገሮችን ወይም ባሕር ከነካች ግን ኤክስክሌቭ ብቻ ናት። ራሱን የቻለ አገር በሌላው ሆድ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ፣ የተቆረጠበት ዋና አካል ስለሌለው፣ ኤንክሌቭ ብቻ ነው።

እንደገባኝ ላሳያቸው ብዬ የአባታችንን መሬት ሣልኩላቸው፤ ዙሪያውን የእኔ ድርሻ፣ መሃል ላይ ቤትሽ ያለባት ያንቺ ቁራሽ። ሌላ መሬት አላት ወይ አሉኝ። የላትም አልኩ። እንግዲያው ኤንክሌቭ ብቻ ናት አሉና እርሳሳቸውን ቤትሽ ላይ አሳርፈው፦

«ታዲያ እህትህ በየት ትወጣለች?»

በድርሻ ተጣልተን መንገድሽን አጥሬ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ መሄዴን በምን አፌ ልንገራቸው? በር አላት ብዬ ዋሸሁ። ሸማኔው ጎረቤታችን በዚያ ጉልበትሽ ጀሪካን እየጎተትሽ በአጥሩ ሥር እንደምትሾልኪ አምና ጽፎልኝ ነበር። እልኸኛነቴን ታውቂያለሽ፤ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እትዬ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

ቁልፉን በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የበሩ ጋን ቁልፍ ዝጎ እንቢ ካለ ሸማኔው በመጥረቢያ ይስበረው፤ አጥሩንም ማገዶ አድርጊው። መንገዱ ያንቺ ነው ብዬ የፈረምኩበት ወረቀትም አብሮ አለ።

የልጆቹን አባት ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሸማኔውንም አመስግኚልኝ። ትንሿ ልጅሽ ስሄድ ገና አልቆመችም ነበር፤ እስከ ዛሬ በአጥር ሥር እንጂ በበር ወጥታ አታውቅም ማለት ነው። እጇን ይዘሽ በበሩ አውጪልኝ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ
ከካርታ ማተሚያ ቤቱ፣ ኅዳር ፱ ቀን