ለቆመች መኪና የተከራየ ቤት

ረቡዕ፣ በኅዳር አጋማሽ

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? ብርዱ በረታብሽ? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባትሽም አለ።

ቤት መቀየራችንን ነግሬሻለሁ፤ ምክንያቱን ግን በስልክ ማውራት አቃተኝ። የድሮው ቤታችን በር በቀጥታ አስፋልት ላይ እንደሚከፈት ታውቂያለሽ። አባትሽ መርሳት ከጀመረ ወዲህ ቁልፉን ይዞ ይወጣና የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይነዳ ነበር። ታክሲዋን እንሽጣት ስለው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስታበላን የኖረችውን መኪና እንዴት አድርጌ ከእጁ ልንጠቅ? የባትሪዋን ሽቦ አስፈታሁና ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ጸጥተኛ ከተማ ፓርኪንግ ያለው አፓርታማ ማፈላለግ ያዝኩ።

ደላላው ሳቀብኝ። «እማማ፣ ለማትነዳ መኪና ፓርኪንግ? በዚያው ኪራይ ሰፊ ሳሎን አገኝልዎታለሁ» አለኝ።

«ሳሎኑ ይቅርብኝ። መኪናዋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ትታየኝ እንጂ» አልኩት።

አገኘልን። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳው እርጥበት ይዞታል፤ የአከራይዋም ፊት አይፈታም። ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ ቁልቁል ሳይ አባትሽ ይታየኛል። ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ይወርዳል። ቁልፉን ያዞራል፤ መኪናዋ ዝም ትላለች። እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ደስ ብሎት ያረፍዳል። ስትደውዪ «ሥራ ላይ ነው» የምልሽ ይሄንን ነበር።

ባለፈው ወር ልብስ እያጠብኩ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ መቼም አልስተውም። እጄ አረፋ እንደሆነ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ቦታው ባዶ ነው። በታችኛው ቤት የሚኖረው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለልኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ ሽቦው ተፈቶ ነው እንጂ መኪናዋ ጤነኛ ናት። አባባ በየቀኑ ሲታገሉ እያየሁ አንጀቴን በሉኝና ሽቦውን ቀጠልኩላቸው» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን ጨርቁን ጥሎ የራሱን መኪና ቁልፍ ሊያመጣ ሮጠ።

ምን ብዬ ልቆጣው? ደግ ሰው ነው።

በእሱ መኪና ስንዞር ቆይተን የድሮው ቤታችን በር ላይ አገኘነው። መንገድ ላይ የአንድ ግቢ ግንብ ገጭቷል። ተመስገን፣ ሰው አልነካም። የመኪናዋ መብራት ረግፏል፤ ከግንባሩ ደም ይወርዳል፤ እሱ ግን አስተካክሎ አቁሞ ተቀምጧል። አጠገቡ ገብቼ መሐረቤን ግንባሩ ላይ ያዝኩለት። እጄን ቀስ ብሎ ገፋ አደረገው።

«ወዴት ነዎት፣ እመቤት?»

ልጄ፣ አባትሽ ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

«ወደ ቤት» አልኩት።

«ቤትዎ የት ነው?»

አዲሱን ሰፈር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ ሩቅ ነው። ባለቤቴ ምሳ አቅርባ ትጠብቀኛለች። ሌላ ታክሲ ይያዙ።»

መካኒኩ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እኔም ወረድኩ፤ ምን ላድርግ? «ባለቤትዎ ሌላ ቤት ነው የሚጠብቁዎት፤ እናድርስዎ» ስንለው ነው ተነስቶ የተከተለን።

መኪናዋን ሸጥናት። ፓርኪንጉንም አከራይዋ ለሌላ ሰው ሰጠችው። የአባትሽ ቁስል ድኗል። አሁን ኮቱን ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። ምግብ ሳቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት» ይለኛል። እኔም አንቱ እለዋለሁ፤ አንተ ካልኩት ይደነግጣል። ትናንት ግን ፎቶሽን አንስቶ ስምሽን ጠራ። «ልጄ ናት፤ ውጭ አገር ነው ያለችው» ብሎ ከአንቺ ጋር አስተዋወቀኝ።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ብቻ ድንገት እግር ከጣለሽ፣ በር ስታንኳኪ ላልሰማ እችላለሁና ትርፍ ቁልፍ መካኒኩ ጋ አስቀምጫለሁ። የትንሿን ክፍል አልጋም አንጥፌዋለሁ።

ክፉ አይንካሽ፤ እጅሽ የያዘው ይባረክልሽ፤ የሚያውቅሽ ሰው አይጥፋብሽ።

እናትሽ