የቆየ ኖራ

ጥር ፫፣ ጠዋት

ውኃ ዛሬም ከውጭ። እንስራው ባዶ፣ አህያዋ አንካሳ፣ አባባ ቁጡ። ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ እያለን ከሐረር ግንብ በሸዋ በር ወጥተን እንቀዳለን፤ ሰው ይስቅብናል። ጉድጓዱን ደለል ሞልቶታል። የሚጠርገው የለም፤ ታች ያለው አየር መርዝ ነው። ፋኖስ በገመድ ሲወርድ ድርግም ይላል። አምና የኡመር ወንድም ወረደ፣ ሬሳው ወጣ። ኡመር ሶፊ ባለው መሬታችን ላይ ያለ ገባራችን ነው። ከዚያ ወዲህ በጉድጓዱ አጠገብ እንኳ አያልፍም። አባባ ባዩት ቁጥር ወንድምህ ሥራውን ሳይጨርስ ተኛ ይሉታል፤ ይስቃሉ። እሱ መሬት መሬት ያያል።

አንቺ ማስታወሻ፣ እኔም ሳቅሁ። በዚህ ቤት ያልሳቀ ይሳቅበታል።

ጥር ፬፣ ማታ

ተሰማ መጣ! ወንድሜ። ስንት ዘመን ጅቡቲ ጠፍቶ። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ። የአባባን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል፣ አሁንም ጺም አላበቀልክም? አሉት። በልጅነቱ በሬ ሲታረድ አይቶ ስለሸሸ እስከ ዛሬ አልማሩትም። ለእንግዳ ሁሉ ይተርኩታል። ዛሬም ተረኩት፤ እሱው ፊት።

ትልቅ ሣጥን ይዟል። ጅቡቲ ከአንድ ግሪክ ጋር ይሠራ ነበር፤ ግሪኩ ባሕር ጠልቆ የመርከብ ሆድ የሚጠግን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ባሕር ውስጥ የሚተነፈስበት ዕቃ ነው አለ። ጉድጓዱን እኔ እጠርገዋለሁ አለ። አባባ ሳቁ፣ ትን እስኪላቸው ድረስ።

ጥር ፭

ዕቃውን አሳየኝ። አስቀያሚ ነገር። ደረት ላይ የጎማ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ አፍ ቱቦ። አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል። ከሥር ትንሽ የብረት ጠርሙስ፤ ንጹሕ አየር ታምቆበታል። ከውጭ ምንም አይገባም፣ ከውስጥም ምንም አይወጣም። ባሕር ውስጥ አረፋ የለው፣ ድምፅ የለው። የተነፈሱትን መልሶ መተንፈስ ነው አለኝ። ሰው የተፋውን ይልሳል?

ሳቀብኝ። መሃል ላይ ቆርቆሮ አለ፣ ነጭ ጠጠር የሞላበት። ከሰው የሚወጣው ትንፋሽ ክፉ ነገር አለበት፤ ጠጠሩ ያንን ይዞ ያስቀራል። የቀረው ወደ ከረጢቱ ያልፋል። ሰውነት የጨረሰው ደግሞ ከጠርሙሱ ይተካል። እንደገና ወደ አፍ። እንደገና ወደ ቆርቆሮ። ጠጠሩ ሲሠራ ቆርቆሮው ይሞቃል። ሲተነፍስበት ቆይቶ እጄን አስነካኝ፤ ለብ ብሏል፣ እንደ ሕፃን ግንባር። የሕፃን ግንባር እኔ ምን አውቄ! ባሌ የመለሰኝ ለዚህ አይደል።

ጠጠሩ ከሞተስ? አልኩት። ክፉው ትንፋሽ ተመልሶ ይመጣል አለ። ራስ ይፈልጣል፣ ያለከልካል፣ ሰው ቱቦውን ራሱ ከአፉ ይነቅላል። ይህን ሲል ፊቱ ተለወጠ። አንድ ያየው ነገር አለ። አልጠየቅሁትም።

ጥር ፯

ቂል! ጎረቤት ሰብስቦ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሳይ ዋለ። ከረጢቱን አንግቶ ግቢውን ሲዞር ስልቻ የተሸከመ ፍየል መሰለ፤ ልጆች ተከተሉት። ሴቶቹ ጉድ ጉድ ሲሉለት ደስ አለው። ዛሬ ቆርቆሮው አልሞቅ አለ። ጠጠሩ አለቀለት፣ በከንቱ። ሌላ የለውም። ጠርሙሱ ገና አለ፤ ጠጠር ከሌለ ግን ምን ሊረባ።

ግሪኩ ጠጠሩ የኖራ ዘመድ ነው ይል ነበር አለኝ። ታዲያ ሐረር ኖራ ጠፋ? በከተማው ግንብ፣ በጀጎል ውስጥ ያለው ግድግዳ ሁሉ ኖራ ነው።

ጥር ፰

አባባ ሰሙ። ገቡበት። ትኩስ ኖራ እንዳትገዛ አሉት። የእኔን ደረት ያዳነው ምንድነው? እናታችሁ ቀብራ ያቆየችው ቅቤ ነው። ቅቤ ሲቆይ መድኃኒት ይሆናል፤ ኖራም የቆየው ነው ኃይለኛው። ተሰማ መልሶ፣ አባባ፣ ግሪኩ እኮ አየር እንዳይነካው ያሽገው ነበር... ሲል ዱላቸውን አነሱ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ይህን የሚያህል ወንድ።

እውነት ለመናገር ለእኔም የአባባ ነገር ልክ መሰለኝ። የቆየ መድኃኒት እንደሚበረታ ማን ያጣዋል?

ጥር ፱፣ ከቀትር በኋላ

ገበያ ወጣሁ፣ ኖራ ሻጩ ሐጂ ዘንድ። ከእቶን የወጣ ትኩስ አላቸው። እርስዎ ዘንድ ያለውን አሮጌውን ይስጡኝ አልኳቸው። ከጓሮ፣ አፉ ተከፍቶ ክረምት ከበጋ የተቀመጠ ጋን አሳዩኝ። የኔ ልጅ፣ ይህን ልደፋው ነበር፣ ሱብሐነላህ! ውሰጂው፣ ዋጋም የለው አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው። በነጻ ስላገኘሁ አባባ መረቁኝ። ስንት ዓመቴ ነው ምርቃት ካገኘሁ!

ጥር ፲፩

ጥምቀት። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ አባባ በሰው መሃል አወጁ። ነገ ለቃና ዘገሊላ እንግዶቼ ባሉበት ልጄ ይወርዳል። ካልወረደ ከቤቴ ይውጣ፣ ስሜንም አይጥራ። ተሰማ ጠላውን ጨረሰ። እወርዳለሁ አለ።

ጥር ፲፪፣ ከመውረዱ በፊት

ጓዳ መጣ። ኖራውን ሞልቶ ሲተነፍስበት ቆይቷል። ቆርቆሮውን እጄ ላይ አደረገው። እቴ፣ ሞቋል? አለኝ። ነካሁት። እንደ እንስራ ቂጥ ቀዝቃዛ ነው። ውጭ እንግዳው ይጮሃል፣ አባባ ይጠሩታል። ወይ ውረድ፣ ወይ ቀሚሴን ላልብስህ አልኩት። ትንሽ አየኝ። ወጣ።

ያው ቀን

ሞተ።

ገመዱን አባባ አስገድደውት ኡመር፣ ከእሱም ጋር ሁለት አሽከሮች ያዙ። ውል ነበራቸው፤ ሁለቴ ከጎተተ ይወጣል። ፋኖሱ ጠፋ፤ እሱ ግን ታች ሆኖ አካፋ ሲመታ ሰማን። እንግዶቹ እልል። አባባ ደረታቸውን ነፉ። ከዚያ ማለክለክ፣ ከጉድጓዱ ሥር፣ እንደ ውሻ። ገመዱ ሁለቴ ተጎተተ። ኡመር ሲስብ አባባ ዱላቸውን እጁ ላይ ጫኑበት። ተወው፣ ገና አሁን ወረደ፣ ይልመድ አሉ። እንደገና ሁለቴ። ኡመር፣ ጌታዬ፣ ወላሂ ይሞታል አለ። መቱት። ሰው ሳቀ።

ከዚያ ገመዱ ዝም አለ።

ሲያወጡት ቱቦው ከአፉ ወጥቷል። ፊቱ ጠቁሯል። ከረጢቱ ደረቱ ላይ እንደተነፋ ነው፤ አየሩ ሳያልቅ ነው የሞተው ወንድሜ። ቆርቆሮውን ነካሁት። ምን ያደርግልኛል አሁን።

ጥር ፲፬፣ ሣልስት

እያለቀስኩ አይደለም። እጄ ይሸታል፣ ኖራ ኖራ።

አባባ ለለቀስተኛው እንደ ወንድ ሞተልኝ ይላሉ። ሰው አሜን ይላል። ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ኖራው በቅጡ አልቆየም። ከዚህ የባሰ አሮጌ ፈልጊ አሉኝ፤ ውኃዬን ሳላገኝ አልቀርም። ዕቃውን ኡመር ያጠልቀዋል። ኡመር ደጃፍ ቆሟል፣ እጁ አብጧል። እሺ ጌታዬ አለ። ምን ይበል? መሬቱ በእሳቸው እጅ፣ ልጆቹ መሬቱ ላይ።

መቀስ አመጣሁ። ከረጢቱን ለቀስተኛ ፊት ቀደድኩት፣ ቱቦውንም። አንቺ መካን! ብለው ዱላቸውን ወረወሩብኝ፤ ትከሻዬን አገኘኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ እንግዲያው ኡመር ያለ ዕቃ ይወርዳል አሉ። ነገ።

ይህን የሚሉት እኔን እያዩ ነው። ፈገግ ብለው።

ጥር ፲፭፣ ጠዋት

ጀምሬያለሁ። የፈረሰውን የበረት አጥር ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ እያጓዝኩ እጥላለሁ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እስከ አፉ እደፍነዋለሁ፤ ውኃ ዕድሜ ልኬን ከውጭ እቀዳለሁ። ኡመር መጀመሪያ ራቅ ብሎ አየኝ። አሁን በደህናው እጁ ድንጋይ ያቀብለኛል። ወንድሙ የወጣበትን ጉድጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዱ ቀረበ።

አባባ ከደጅ ይጮሃሉ፤ ውኃዬን! ይላሉ። ልጄን አላሉም፣ አንዴ እንኳ። አሽከሮቹን ጠሩ፤ ማንም አልተነሳም። አሁን ራሳቸው ወደዚህ እየመጡ ነው፣ ዱላቸውን ይዘው። ይምጡ። ትልቁ ድንጋይ ቀርቷል፣ የጉድጓዱን አፍ የሚደፍነው፤ ለብቻዬ አይነሳም፣ ኡመርን ጠርቼዋለሁ፣ አብረን