ለጋሻዬ የላክሁት ወሬ

ውድ እህቴ ባንችይርጋ፣

እንደምን ከረምሽ? ላሊበላ ሁላችንም ደኅና ነን፤ አባባም ደኅና ናቸው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ግን እህቴ ብለሽ የምትጠሪኝ አይመስለኝም።

ከልጅነታችን ጀምሮ እቀናብሽ ነበር። አንቺ ስትቆጪ ሳህን ትሰብሪያለሽ፣ ስትወጂ አንገት ላይ ትጠመጠሚያለሽ፤ ቤቱ ሁሉ አንቺን ሲያባብል ይውላል። ተናደሽ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግርሽ የሄድሽ ቀን አባባ ማኅሌቱን ትተው ሲፈልጉሽ ዋሉ። እኔ ሳምንት ሙሉ ሳኮርፍ ግን "ብርቅዬ ጨዋ ናት" ተባልሁ። ምን ሆንሽ ያለኝ የለም።

ጋሻዬ ከኩልመስክ ሽማግሌ የላከልሽ ጊዜ ጥርሴን ነክሼ እልል አልሁ። በሦስተኛው ቀን ደወልሁለት። "እህቴ ጤነኛ አይደለችም፤ ኋላ እንዳትጸጸት" አልሁት። ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀሩ። አንቺም እህል አልቀምስ ብለሽ ከሰውነት ወጣሽ፤ የባሕርይ ሕመም ነው ተብሎ ደሴ ለሕክምና ገባሽ።

ባለፈው ልጠይቅሽ ስመጣ ሐኪምሽ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። "ሰው ይጥለኛል ብላ ትሰጋለች? ሲከፋት ጥፋቱን በሌላ ታላክካለች? የሰው ሕመም ይሰማታል?" እያለች ጠየቀችኝ። አንቺን ላስብ ብል በፊቴ የምመጣው እኔው ነኝ።

"ዶክተር፣ ሳህን የማይሰብር ሰውስ?" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። "የባሕርይ ሕመም ስሙ ብዙ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ሰውን ይጠራጠራል፣ አንዱ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ከሥር ግን ብዙ ጊዜ የሚገናኙበት አለ፤ ራስን መጥላት፣ ሰውን አለማመን፣ የሌላውን ስሜት አለማየት። ማንን ማለትሽ ነው?"

"እኔን።"

ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ እዚያ ተቀምጬ በሕክምና ካርድሽ ሳይቀር ቀናሁ። ላንቺ ሕመም ስም ተገኝቶለት ሰው ይጠይቅሻል፤ የእኔን ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

ማክሰኞ ኩልመስክ ሄጄ ለጋሻዬ፣ "ያስቀረሁህ በቅናት ነው" አልሁት።

"እሷ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያው ንገሪያት። ከፈቀደችልኝ መጥቼ ልያት።"

ስምሽን ሲጠራ ፊቱ ሲበራ አየሁ። ባንቺዬ፣ አልዋሽሽም፤ ያን ጊዜም ቀናሁ።

ሐኪሟ ለእኔም ቀጠሮ ሰጥታኛለች። ሐሙስ ደሴ እመጣለሁ፤ ጋሻዬም አብሮኝ ይመጣል። እኔን ማየት ካልፈለግሽ ለነርሷ ንገሪያት፣ ከበር እመለሳለሁ። እሱን ግን አስገቢው።

የበደለችሽ እህትሽ
ብርቅዬ