በግምት አልፈርምም

የኔ አህመድ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ማሽላ ታጭዶ ገባ። መልስ እንደማትልክልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የምነግርህ አለኝ፤ ግማሹ ናፍቆት ነው፣ ግማሹ ጠብ። ጠባዬን ታውቀው የለ፣ ብይዘው ያንቀኛል።

ወልድያ ያለው ቤታችን ደህና ነው። በተኩሱ ጊዜ የረገፈውን የመስኮት መስታወት አስገጥሜዋለሁ። ስንጋባ ሳትለካ ገዝተህ በበሩ አልገባ ያለው አልጋም አለ፤ እግሩን በመጋዝ ቆርጠህ ካስገባኸው ጀምሮ እንዳዘነበለ ነው። አንድ ነገር በግምት ስታደርግ ያየሁህ ያኔ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምታማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎችህ የጥናት ረቂቆች ጠረጴዛህ ላይ እንዳሉ ናቸው። በየገጹ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ «ለክተኸዋል?» ትል ነበር። ተማሪዎቹ «ለክተኸዋል መጣ» ሲባባሉ ሰምተህ እየሳቅህ ቤት መግባትህ ትዝ ይለኛል። ሌላው አማካሪ ቢሮው ተቀምጦ ሲፈርም አንተ ሱሪህን ጠቅልለህ ወንዝ ትገባለህ። ቁጥር የተጻፈበትን ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ አንተ ትይዛለህ፣ ተማሪው ዳር ቆሞ በቅየሳው መነጽር ያነባል። አማካሪ ይይዛል፣ ተማሪ ያነባል፤ ሕግህ ይህ ነበር። እኔም ጭቃ የጠገበ ሱሪህን እያጠብሁ ሕግህን እራገም ነበር።

በዚያው ሕግህ ሞትህ። ጠዋት ነበር፣ ግራና ወንዝ ውስጥ፣ ተማሪህ ጌታሁን ስለ መስኖው ግድብ ለሚጽፈው ጥናት የወንዙን ወለል ስትለኩ። ኮረብታው ላይ የነበሩት ታጣቂዎች በሦስት እግር የቆመውን መነጽርና ያንን ረጅም ዘንግ ከሩቅ አይተው መትረየስ የምትተክሉ መሰላቸው። ሁለት ጥይት ደረትህ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ዘንጉን ከመሃል ሰበረው። ማሳቸው ወንዙ ዳር የሆነው ሼህ እንድሪስ ተኩሱ ሳይበርድ በደረታቸው ተስበው ጎትተው አወጡህ። ሸሚዝህ እጄ ሲገባ ከደሙ ብዛት እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። ለማጠፍ ብሞክር ተሰነጠቀብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጌታሁን ወንዙ ዳር የቀረውን ቦርሳህን ይዞ ለልቅሶ መጣ። ገና ከደጃፉ በጥፊ አልሁት። ደገምሁት። ከዚያ ቦርሳውን ነጥቄ አፍንጫው እስኪደማ ድረስ በእሱው ቀጠቀጥሁት። «ባሌን ለወረቀትህ ብለህ አስገደልኸው» አልሁት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ሄደ። ቦርሳውን ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወርሁት፤ ሁለት ዓመት አልነካሁትም።

ዘንድሮ ከፈትሁት። ውስጡ የጌታሁን ረቂቅና ስልክህ ነበሩ። ረቂቁ ላይ ከአሮጌ ሪፖርት የገለበጠውን አንድ ቁጥር በቀይ ከብበህ ያንኑ ጥያቄህን ጽፈህበታል። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ መልእክቶቹን አነበብሁ። እሱ «መምህር፣ ይቅርብን፣ ታጣቂዎቹ ኮረብታው ላይ ወጥተዋል እየተባለ ነው» ብሎሃል። አንተ «በግምት አልፈርምም። ነገ ሁለት ሰዓት ግራና» ብለሃል።

ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ብትነሣልኝ በጥፊ የምለው አንተን ነበር። ስልኩን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥሁት። ለአንድ ቁጥር! ልጁ እየፈራ፣ እየለመነህ! እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀ የኔን ዱላ ዝም ብሎ ተቀበለ፤ ሬሳህን ላለመክሰስ።

ጌታሁንን ፍለጋ መርሳ ከተማ ወረድሁ። ትምህርቱን ትቶ ባጃጅ ይነዳል። ከኋላው ገብቼ ተቀመጥሁና ይቅር በለኝ አልሁት። ባጃጁን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ጥናቱ ያቺ አንድ ቁጥር ብቻ እንደጎደለችው ነገረኝ። «ግን እትዬ፣ ዘንጉን ማን ይይዝልኛል?» አለ።

በሳምንቱ ግራና ሄድን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው የተነሣሁት። ሼህ እንድሪስ የተሰበረውን ዘንግ በጠፍር ጠፍረው አስቀምጠውት ነበር። «ልጄ፣ አብሽሪ፣ የሰው አደራ አይጣልም» አሉኝ። አንተ ብታየው ይህ ልክ አይሆንም ትል ነበር፤ ጌታሁን ግን ከስብራቱ በታች ያለው ይበቃናል አለ። ቀሚሴን ሰብስቤ አንተ የወደቅህበት ውሃ ውስጥ ቆምሁ። ኮረብታውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ጌታሁን መነጽሩ ላይ አጎንብሶ «ቀጥ አድርጊው፣ እትዬ» ይለኛል፣ እኔ በሁለት እጄ አንቄ ይዤዋለሁ። አነበበ። ቁጥሩ ከአሮጌው ሪፖርት በእጅጉ ይለያል። ልክ ነበርህ፣ አህመዴ። ልክ መሆንህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ቤት ስመለስ ቀይ እስክሪብቶህን አንሥቼ የጌታሁን ረቂቅ ላይ ከጥያቄህ ሥር «ለክተነዋል» ብዬ ጻፍሁበት። ጌታሁን ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ጥናቱን ሲያቀርብ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ።

እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳህም። ደግነትህን ብቻ ሳይሆን እልህህንም ጭምር አስታውሳለሁ። ዘንግ የሚይዝለት ያጣ ተማሪህ ቢመጣ ወንዝ ገብቼ እይዝለታለሁ። ይቅርብን ካለኝ ግን፣ አህመዴ፣ እሰማዋለሁ።

ዘሃራህ