ከተቆለፈው ፍርግርግ በላይ ስለሚበስለው እራታችን

ለክቡር አቶ ተስፋጽዮን
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦሌ አራብሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ምድር ቤት ላለውና በሩ በቀጥታ ወደ ግቢው ለሚከፈተው መኖሪያዎም መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኛ አራተኛ ፎቅ የምንኖረው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከዚህች ሰዓት ደህና ነን። «እስከዚህች ሰዓት» ማለቴ ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም፤ በዚህ ሰሞን ከዚያ አልፌ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ግሩፓችን ከመልቀቄም በላይ በየፎቁ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ደጅዎ ድረስ መጥቼ በቃል ባመለከትኩ ቁጥር ሻይ ጋብዘው፣ የእናቴን ጤና ጠይቀው፣ እስከ በር ሸኝተውኛል። እንዲህ ያለ መልካም አቀባበል ተደርጎልኝ አንድም ነገር ሳይሠራልኝ ስመለስ፣ ምናልባት በጽሑፍ ሲሆን ይሻል ይሆናል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ግን ምስጋናዬን ላቅርብ። ሰሞኑን በፊርማዎ የወጣው ማስታወቂያ «ሰው በሌለበት ለረጅም ሰዓት የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች በሕንፃው ውስጥ እንዳይሠሩ ተከልክለዋል» ይላል። በሕንፃው ውስጥ እንዲህ ያለ ድስት ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔን ሕፃናቱ እንኳ እያወቁ፣ ስሜን ሳይጠሩ ስላለፉኝ ጨዋነትዎን አደንቃለሁ። ኮሚቴው በስብሰባው ላይ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚበስለው?» ብሎ መጠየቁንም ስለሰማሁ፣ በእኔ በኩል የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ለማሳየት መልሱን ሳልሸራርፍ አቀርባለሁ።

እኔ መገናኛ መጋረጃ መሸጫ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ባለቤቴ በዳሳ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጄ ሄኒና ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለችው እናቴ ወይዘሮ ዘውዲ ነን። እርስዎም እንደሚያውቁት ከመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ወጥቶ አራብሳ የሚደርስ ሰው ራት የሚሠራበት ጉልበት አይተርፈውም። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ድንችና ካሮት በትልልቁ ቆርጬ ከድስቱ ሥር አነጥፋለሁ፤ ከሥር የማደርጋቸው ከሥጋው ይልቅ ለመብሰል የሚዘገዩት እነሱ ስለሆኑ ነው። ከላያቸው አስቀድሜ የቀቀልኩትን ቦሎቄ፣ ቀጥሎ አጥንት ያለውን የበሬ ሥጋ፣ ከዚያ በደንብ የተቁላላውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከነጭ ሽንኩርትና ከትንሽ በርበሬ ጋር እጨምራለሁ። ኮረሪማ ነስንሼ፣ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ ክዳኑን ገጥሜ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ትቼው እሄዳለሁ። በጾም ሥጋው ይቀርና እንጉዳይ ይገባል። ማታ ክዳኑን የምታነሳው ሄኒ ናት፤ እንፋሎቱ መነጽሯን ሲሸፍንባት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች። ሥጋው በማንኪያ ሲነካ ስለሚለያይ እናቴ በቀሩት ጥርሶቿ ሳትቸገር ትበላለች፤ አልጋዋ ዳር ትንሿን ጠረጴዛ አስጠግተን ሦስታችንም አብረን እንበላለን። በቀን ውስጥ አብረን የምንቀመጥባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሚበስለው ይህ ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ይመለከታል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲያበራ ሳጥኑ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። ይህን ክረምቱ እንደወጣ አመልክቼ ነበር። ኮሚቴውም አቤቱታዬን ችላ ሳይል ሳጥኑን አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶታል። ቀለሙ በእውነት ያምራል። ከዚያም ሳጥኑ ለዓይን የሚስብ ሆኖ ስለተገኘ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ፤ ድስቴን የሚከለክለው ወረቀት የተለጠፈውም እዚያው ላይ ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ ሳምንት ሳይሞላው መሐሉ ቡናማ ሆኗል። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ያለ ወረቀት እንዴት እንደጠቆረ ኮሚቴው በሚመቸው ጊዜ ቢመለከተው ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ከአንደኛ ፎቅ በላይ ደረጃውን የሚዘጋው የብረት ፍርግርግ ነው። ደረጃ ላይ የተሰጣ ልብስና የተቀመጠ ጫማ በተሰረቀ ጊዜ ይህ በር እንዲሠራ እጄን ካወጡት አንዷ ነበርኩ፤ ያንን አልክድም። ከዚያ ወዲህ ጫማ አልጠፋም። ነገር ግን በሩ ከመሸ ጀምሮ በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ከዘበኛው ከሙክታር ኪስ አይወጣም። ለየፎቁ አንዳንድ ቁልፍ ይቀረጽልን ብለን ስንጠይቅ «ቁልፍ ከበዛ ቁጥጥር ይላላል» ብለው በቃለ ጉባኤ አስመዘገቡ። ሙክታርን አልወቅስም። አንድ ሰው በር ይጠብቃል፣ ቦቴ ያስገባል፣ ውሃ ያስቀዳል፣ መኪና ያስቆማል፤ ሁሉንም እሱው ነው።

፫ኛ. ይህን እንዴት በቁጥር እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ እንዲሁ ልንገርዎት።

ክልከላው ከመውጣቱ በፊት፣ ያን ዕለት ምሽት ከሥራ ገብቼ እጄን ሳልታጠብ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ክቡርነትዎን ደስ የሚያሰኝ ከሆነ፣ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድስቴን ነበር። ክዳኑን ባነሳ ሥጋው በመረቁ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። በሩን ስከፍት ግን ደረጃው በጭስ ተሞልቶ ነበር። የሄኒን አፍና አፍንጫ በነጠላዬ ሸፍኜ ወረድኩ። ጎረቤቴ ሸምሲያም ልጇን አዝላ ከኋላዬ መጣች። በዚያ ሳጥን አጠገብ ስናልፍ ከውስጡ ሰማያዊ ብልጭታ ይታይ ነበር፤ ግድግዳውን ታክከን አለፍን። ፍርግርጉ ጋ ስንደርስ ተቆልፏል። ሙክታር ከግቢ ወጥቶ ለውሃ ቦቴ መንገድ እያሳየ ነበር። ብረቱን እየደበደብን ጮኽን፤ እርስዎም ወዲያው ወጡልን፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። የስልክዎን መብራት ፊታችን ላይ አበሩና የመጀመሪያ ጥያቄዎን ጠየቁን፦ «ድስት የጣደው ማነው?»

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሰዓት መልስ ስላልሰጠሁዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ለሙክታር ሲደውሉ ስልኩ አይነሳም ነበር፤ እኔም እናቴን ከላይ ጥያት መውረዴን እያሰብኩ ነበር። ሄኒን ለሸምሲያ ሰጥቼ ተመለስኩ። ልጄ እየጠራችኝ ስታለቅስ እየሰማሁ፣ በዚያው ሳጥን አጠገብ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አለፍኩ። እናቴን ጭሱ ክፍሏ ገብቶ ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ልሸከማት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። «ብርነሽ፣ እኔን ተዪኝ» አለችኝ፤ «ልጅቷን ይዘሽ ውረጂ። እኔ ይበቃኛል።» ወደ ታች መውጫ እንደሌለ፣ ልጅቷም ከተቆለፈ ብረት ሥር ቆማ እንደምታለቅስ አልነገርኳትም። «እሺ እማ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያዳነን ሳጥኑ ራሱ ነው። አንዴ ጮኾ ፈነዳና ሕንፃው ሁሉ ጨለመ፤ ጭሱም ቀስ በቀስ በረደ። ሙክታር እየሮጠ መጥቶ ፍርግርጉን ከፈተ። እርስዎም በጨለማው ውስጥ አራት ፎቅ ወጥተው፣ እናቴ የተኛችበትን ክፍል አልፈው፣ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቴ ገቡና ድስቴን በመዳፍዎ ነኩት። «ትኩስ ነው» ብለው ለኮሚቴው ሪፖርት ማድረግዎን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ትኩስ ነበር። እራት ነው።

በነጋታው መብራቱ ተቀጠለ፤ ምን በምን እንደተቀጠለ የነገረን የለም፤ ክልከላውም ወጣ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝና ድስቴን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባሁት። አሁን ከሥራ እንደገባሁ እንደ ሌላው ሰው ምድጃ እለኩሳለሁ። ያ ድስት ሁለት ትልልቅ አምፖል የሚበላውን ያህል እንኳ አይበላም፤ ያውም ሕንፃው ባዶ በሆነበት፣ ሳጥኑ በቀዘቀዘበት ቀን ነበር የሚሠራው። ምድጃዬ ግን የድስቱን ብዙ እጥፍ ይስባል፤ የማበራውም ሁሉም ሰው በሚያበራበት፣ ሳጥኑ መንጣጣት በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ትእዛዝዎን ባከበርኩ መጠን ሳጥኑ ይብስ ይግላል። ሽንኩርት እያቁላላሁ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነው፤ ትንሽ ድምፅ ስሰማ አጠፋለሁ፣ ሮጬ በር እከፍታለሁ፣ አሸትታለሁ፣ ተመልሼ አበራለሁ። ሰሞኑን ወጡ አንዴ ጥሬ አንዴ ያረረ ነው። ሄኒ ክዳን ማንሳቱን ትታዋለች። ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው፤ አውልቂ ብላት እምቢ አለች፤ እኔም አልገፋሁባትም፣ ምክንያቱም እኔም ጫማዬን አላወለቅኩም።

ፈርቻለሁ፣ አቶ ተስፋጽዮን። ይህን ቃል በክብር ቃላት ልሸፍነው ብዬ ብዙ ደከምኩ፣ አልሆነልኝም። ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እየለካሁ ስልኬ በጠራ ቁጥር ሜትሩን ጥዬ አነሳለሁ። ከታክሲ ወርጄ ሕንፃውን እስካየው ድረስ ሰማዩ ላይ ጭስ እፈልጋለሁ። በዳሳ ከመንገድ ሲደውል ደህና ነን እለዋለሁ፤ መሪ የጨበጠ ሰው ላስደነግጥ አልፈልግም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ድስቱን እንደተከለከለ ይተዉት፤ ከፈለጉም መጥተው ይውሰዱት፣ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ሳጥኑ በሚያውቅ ሰው እስኪታይም በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ ማታ ማታ ምድጃውን ትተን ዳቦ በሻይ እንበላለን። የፍርግርጉን ቁልፍ ግን ዛሬውኑ አስቀርጸው ለየፎቁ ይስጡልን። ቁጥጥሩ የሚላላ ከሆነ ጫማችንን ሌባ ይውሰደው፤ በጽሑፍ ፈቅጃለሁ።

ለሕንፃችን ደኅንነት ሳይታክቱ ስለሚደክሙ፣ በተለይም የእናቴን ጤና ሁልጊዜ ስለሚጠይቁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከመልካም ምኞት ጋር እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ብርነሽ
አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ሁለተኛው በር

ማስታወሻ፦ የቤቴን አቅጣጫ እንዲህ ዘርዝሬ የጻፍኩት እንዲጠይቁን ብዬ አይደለም። በጭስ ውስጥ ለሚመጣ ሰው ነው። በራችንን ከእንግዲህ ከውስጥ አንቆልፍም፤ ገፋ ቢያደርገው ይከፈታል። የእናቴ አልጋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ በቀኝ ጆሮዋ ስለማትሰማ በግራዋ በኩል ሆኖ ይጥራት። ልጄ ስትፈራ የምትደበቀው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ አልጋዋ ባዶ ነው ብሎ እንዳይመለስ። ያ የሚመጣው ሰው እርስዎ ከሆኑ፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ቁልፉን ይዘው ይምጡ።