አስተያየታቸውን ይዘው ስለሄዱት ዋና ጠያቂያችን

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማዕከል የመስክ ሥራ ክፍል ዋና ጠያቂ ሆነው ለረጅም ዘመን ያገለገሉት፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሼ ቤቴ ስገባ» በሚል ስም የሚታወቁት ሰው፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸው ሆነው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ወር መጀመሪያ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማዕከሉ አመራርና ሠራተኞች በሞታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሀዘን ለመላው ባልደረቦቻችን፣ በራቸውን ከፍተው ለጥያቄዎቻችን መልስ ለሰጡን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በራቸውን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው «ሰው የለም» ላሉን ጭምር እንገልጻለን። መግለጫው የዘገየበት ምክንያት በቦታው ተመልክቷል።

ማዕከላችን ሕዝቡ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ አማራጭ የኃይል ምንጮች የሚያስበውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ ተቋም ነው። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ጠያቂ የራሱን አስተያየት ለመላሽ አለመንገሩ ነው። ሰው ደጁ ድረስ የመጣን እንግዳ ላለማስቀየም ሲል እንግዳው የወደደውን ይወድለታልና። መጠይቁ ሲያልቅ ግን መላሾች «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለታቸው አይቀርም። ሟች ባልደረባችን ሁልጊዜ «እኔ ቤቴ ስገባ እላለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር፤ ስማቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ባለቤታቸው በአንድ የሠራተኞች ዝግጅት ላይ ይህ ሲነገር ሰምተው «ቤቱም ሲገባ አይልም» ሲሉ መስክረዋል። ምስክርነቱ እስከ ዛሬ አልተስተባበለም።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የባልደረባችን ራስ ሲመለጥ ሁላችንም ከዓመት ዓመት ተከታትለናል። አፋቸው ሲያመልጥ ያየ ግን የለም።

በተቀጠሩበት ዓመት፦ ማዕከሉ የመጀመሪያውን የአማራጭ ኃይል ጥናት ሲጀምር፣ የሶላር ዕቃ አስመጪዎች ለመረጃ ሰብሳቢዎች የፀሐይ ሥዕል ያለበት ኮፍያ አበርክተው ነበር። ኮፍያው ጥሩ ጥላ ነበረው። ውጤቱ ሲደመር የፀሐይ ኃይልን የሚጠራጠር አንድም ቤት ጠፋ። ይህ ያላማራቸው ሟች ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በባዶ ራሳቸው፣ ወደ ጠየቋቸው ቤቶች ተመለሱ። አንዲት ልብስ ሰፊ «ያን ጊዜ እሺ ያልኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው፤ ይሄ ነገር ካውያዬን መቼ ይችልና» አሏቸው። በየቤቱ የነበረው ተጠራጣሪ ሁሉ እንዲሁ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዎች ኮፍያ ሳያደርጉ እንዲወጡ ተወስኗል። ኮፍያዎቹ ለግቢው ጥበቃዎች ተሰጥተዋል፤ ጥበቃዎቻችን እስካሁን የፀሐይ ደጋፊ መስለው ይታያሉ።

በሦስተኛው ዓመት፦ «የሚያውቁትን አማራጭ የኃይል ምንጭ ይጥቀሱ» ለሚለው ጥያቄ ብዙ መላሾች «ሻማ» ብለው መለሱ። የትንተና ክፍል ኃላፊው ሻማ በሙያው አማራጭ የኃይል ምንጭ እንዳልሆነ በትክክል አስረድተው መልሱ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ሟች «የሚያውቁትን ነው እንጂ ማወቅ ያለባቸውን አልጠየቅናቸውም» አሉ። ሻማ ከፀሐይ ቀጥሎ፣ ከነፋስ ቀድሞ በሪፖርቱ ላይ ታትሟል። የትንተና ክፍል ኃላፊውም በግርጌ ማስታወሻ ቅር መሰኘታቸውን አስፍረዋል።

ይህን ስንል ባልደረባችን አይሳሳቱም ማለታችን አይደለም። ዋና ጠያቂ ሆነው በተሾሙ በሚቀጥለው ዓመት የመስክ ሥራውን ሳምንት የቆረጡት እርሳቸው ነበሩ፤ የቆረጡትም ሳምንት ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከተማው መብራት ያጣበት ሆነ። መረጃ ሰብሳቢዎች ግድግዳ እየዳበሱ ደረጃ ወጥተው «የፀሐይ ኃይል ይፈልጋሉ?» ሲሉ የማይፈልግ አልተገኘም። ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠው የነበሩ አንድ ፀጉር አስተካካይ «ፀሐይም ይሁን ጨረቃ፣ መላጫዬን የሚያዞርልኝ ብቻ አምጣ» ብለዋል። ደንበኛውም ሳይጠየቁ ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። በማዕከሉ ታሪክ ከፍተኛው የድጋፍ መጠን ተመዘገበ። መብራቱ ሲመጣ ድጋፉ ሄደ። ሟች ስህተቱን በማንም ላይ አላላከኩም፤ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ በጉልህ «ይህ ጥናት ሲካሄድ መብራት አልነበረም» ተብሎ እንዲጻፍ አድርገዋል።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት፦ «የአየር ንብረት ለውጥ እውነት ነው ብለው ያምናሉ?» የሚለውን ጥያቄ ለአንዲት አትክልት ነጋዴ ሲያቀርቡላቸው «ባላምን ይተወኛል?» የሚል መልስ አግኝተዋል። መልሱ «አዎ» ውስጥም «አይ» ውስጥም አልገባ ስላለ፣ ባልደረባችን «ታዲያ ምን የተለወጠ ነገር አዩ?» ሲሉ ጨመሩ። ነጋዴዋ «ቲማቲሙ ድሮ ሦስት ቀን ይታገሠኝ ነበር። አሁን ጠዋት ያነጠፍኩት ከሰዓት በኋላ እጄ ላይ ይፈርሳል» አሉ። ማዕከላችን ጥያቄውን በዚህ መልክ የለወጠው ያን ጊዜ ነው።

በዋና ጠያቂነታቸው ዘመን ሦስት ሕጎች አጽንተዋል። አንደኛው፣ በዕጣ የወጣ ቤት አይለወጥም የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ክፉ ውሻ ያለበት ቤት ወይም ሊፍቱ የተበላሸ ሕንፃ ከላይኛው ፎቅ ሲደርሳቸው፣ አንዳንድ መረጃ ሰብሳቢዎች በጎረቤት የመተካት ልማድ ነበራቸው። ሁለተኛው፣ ከቤቱ አዋቂዎች መካከል የሚጠየቀው ልደቱ ለዕለቱ የቀረበው ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ የሆነው ሁልጊዜ መልስ የሚሰጠው ቀድሞ በር የከፈተው ወይም ድምፁ ከፍ ያለው ሰው እንዳይሆን ነው። ሦስተኛው፣ መላሹ በር ተዘግቶ ብቻውን ይጠየቃል፤ የቤት ቁጥሩ ያለበት ብጣሽ እዚያው ተቀድዶ ይጣላል፤ የሰማው ጠያቂም እስከ ዕለተ ሞቱ አይናገርም። ይህን ሦስተኛውን ሕግ ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምሩ «ለሚስቴ ብቻ የሚል ካለ አሁኑኑ ይውጣ» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሰልጣኝ በእውነት ወጥቷል።

በግል ሕይወታቸው ሥራው የነካባቸው ነገር ቢኖር ጣሪያቸው ነው። ባለቤታቸው በቤታቸው ደጅ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አላቸው፤ የማዕከላችንን መጠይቆች ለዓመታት ያባዙልን እርሳቸው ናቸው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ወረቀቱን እንደጎረሰ ይቆማል። በዚህም ምክንያት ጣሪያቸው ላይ ሶላር እንዲተከል ደጋግመው ጠይቀዋል። ሟች እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። «አስተያየቱን ጣሪያው ላይ የሰቀለ ጠያቂ እንዴት የሰው በር ያንኳኳል? ጣሪያ እኮ ይናገራል» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው «ባዶ ጣሪያስ አይናገርም?» ብለው መልሰውላቸዋል። ጥያቄው ለማዕከሉ የቴክኒክ ኮሚቴም ቀርቦ በመጠናት ላይ ይገኛል።

ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው «አሁንስ ምን ቀረህ?» አሏቸው። «መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰው ገና ጠያቂው መጣ ይላል፤ ትንሽ ይቆይ» አሉ። ቆየ። በመካከሉ ልባቸው ታመመ፤ ሙቀቱም በየዓመቱ እየባሰ መጣ። መብራት በጠፋና የክፍሉ ማራገቢያ በቆመ ቁጥር ባለቤታቸው የተበላሸ መጠይቅ አጥፈው ያራግቡላቸው ነበር። እያራገቡ «አሁንስ?» ሲሏቸው፣ ሟች ዓይናቸውን ጨፍነው «ነፋሱ ጥሩ ነው» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ይህ ለነፋስ ኃይል የተሰጠ ድጋፍ ተደርጎ እንዳይመዘገብ ለማዕከሉ አሳስበዋል።

ዘንድሮ ለዓመታዊው ጥናት ዕጣ ሲወጣ የሟች ቤት ደረሰ። ጉዳዩ ለአመራሩ ቀርቦ፣ በዕጣ የወጣ ቤት አይለወጥም በሚለው በራሳቸው ሕግ መሠረት ቤቱ ባለበት ጸና። የተላኩት እርሳቸው ያሠለጠኗቸውና ዛሬ የመስክ ክፍሉ አስተባባሪ የሆኑት፣ «ፈጣኗ» የምንላቸው ባልደረባ ናቸው። ከሁለቱ አዋቂዎች ልደታቸው የቀረበው ሟች ሆኑ። ጥያቄዎቹን ከነቁጥራቸው በቃላቸው የሚያውቁት ባለቤታቸው «ልደቴን በአንድ ወር ብታስጠጉልኝ ምን አለበት?» ቢሉም ሕጉ አልፈቀደም። በሩ ተዘጋ። ባለቤታቸው ከሱቃቸው ሆነው ያዳመጡት ቢኖር አንድ ሳቅ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ጸጥታ፣ ከዚያም ደግሞ ሌላ ሳቅ ነው። ፈጣኗ ሲወጡ ባለቤታቸው «ምን አለሽ?» አሏቸው። ፈጣኗ «እትዬ፣ የሚጠጣ ውኃ ይኖራል?» አሉ። ውኃውን ጠጥተው ሄዱ።

ሟች ያረፉት ብዙም ሳይቆይ ነው። ባለቤታቸው ከቀብሩ በኋላ ወደ ማዕከላችን መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡ። «ጣሪያዬ ላይ ልተክል ነው። እሱ ይፈልገው እንደነበር ልወቅ፤ ባይፈልገው እተወዋለሁ። በቁሙ ስንከራከር ኖረናል፤ ከሞተ በኋላ ግን ብቻዬን ልከራከረው አልፈልግም» አሉ። ይህ መግለጫም የዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። አመራሩ በስብሰባ አዳራሹ ተቀመጠ፤ ባለቤታቸውም ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እንዲጠብቁ ተደረገ።

ምክትል ዳይሬክተሩ ምስጢር የሚጠበቀው በሕይወት ላለ ሰው እንደሆነ፣ ሀዘንተኛን ማጽናናትም የተቋም ግዴታ እንደሆነ አስረዱ። ፈጣኗ «የነገሩኝ ለቁጥር ነው። ለሰው እንዲነገር ቢፈልጉ ኖሮ ለእትዬ ይነግሯቸው ነበር» አሉ።

«ለማጽናኛ ያህል እንኳ?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«ዛሬ ለማጽናናት ካወጣሁት፣ ነገ ደግሞ ለማሳጣት ይወጣል። ካስገደዳችሁኝ ይኸው» ብለው ፈጣኗ የሥራ መታወቂያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

የስብሰባ አዳራሹ በር ድምፅ የሚያሳልፍ ቀጭን ኮምፔንሳቶ መሆኑ ከዚህ ቀደምም ተነግሮ ጥገና አልተደረገለትም። በሩ ተከፈተና ባለቤታቸው ገቡ። «አንሺው ልጄ» አሏቸው። «ዕድሜ ልኩን አስተያየት የለኝም ካለኝ ሰው ጋር ኖሬ፣ አሁን ተኝቶልኛል ብዬ ከኪሱ አልሰርቅም።» ለመሄድ ከተነሱ በኋላ በሩ ላይ ቆም ብለው «እነዚያን ጥያቄዎች ሁሉ ያባዛሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ጉዳዩ ሲጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ። ከቤቱ አንድ ሰው ስለተጠየቀ ዘንድሮ የእርሳቸው መልስ በቁጥር አይገባም። ያም ሆኖ ዋና ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ከቁጥር ውጭ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«እኔ ቤቴ ስገባ እላለሁ» ብለው ወጡ።

የሟች ባልደረባችን መልስ በዘንድሮው ጥናት ውስጥ እንደማንኛውም ነዋሪ መልስ አንድ ሆኖ ተቆጥሯል። በየትኛው ዓምድ እንዳለ ማዕከሉ አያውቅም፤ የሚያውቁት አንዲት ባልደረባም አይናገሩም፤ መታወቂያቸውም ወደ አንገታቸው ተመልሷል። ማዕከላችን ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ከእርሳቸው ጋር ደረጃ ለወጡና ውሻ ለሸሹ የሙያ ጓደኞቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ ለእርሳቸውም ማንም በሩን የማያንኳኳበት ዕረፍት ይሁንላቸው።

ቤተሰቡን ለማጽናናት ለምትሄዱ ባልደረቦች፦ ቤቱን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ከፎቶ ኮፒው ሱቅ በላይ፣ በሰፈሩ አዲስ ሶላር የሚያብረቀርቅበት ጣሪያ ነው። ባለቤታቸው ቤታቸው ገብተዋል፤ ብለዋልም።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማዕከል አመራርና ሠራተኞች