በሁዳዴ ስላደሉን ወተት

ለተከበሩ አቶ ሙሉሃብት ደባሱ
የላስቲክ ቤት አትክልት አምራቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ፍላቂት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ እንደሚመላለስ፣ ምራቅዎ በአፍዎ፣ እንባዎም በዓይንዎ ውስጥ ተወስነው እንደሚገኙ፣ ጣቶችዎም ያለ ፈቃድዎ እንደማይንቀጠቀጡ ሙሉ ተስፋ አለኝ። እህቴ ባንቺዓለም ታፈረ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላጣችው፣ እኛ ቤት የሰውን ጤና የምንጠይቀው እንዲህ በዝርዝር ሆኗል።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትልቅ ሰው ሲጻፍ ምስጋና እንደሚቀድም ተምሬአለሁና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በዚህ በገብስ አገር ውርጭ የማይደርስበት የላስቲክ ቤት ሠርተው፣ ቲማቲም አብቅለው ለላሊበላ ሆቴሎች ስላደረሱ እናመሰግናለን። ነጭ ዝንብ በቅጠሉ ሥር በፈላ ጊዜም የአየር ማስገቢያዎቹን አስዘግተው፣ በሩን በድንጋይ አስደግፈው ፀረ-ተባዩን ማስረጨትዎ ቆጣቢነትዎን አሳይቶናል። ኬሚካሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ከሚባክን፣ ውስጥ ያለ ሰው ቢተነፍሰው ይሻላል ብለዋል። ውስጥ የነበረችውም ሃያ ሊትር መርጫ አዝላ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነች የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች።

፪. ሠራተኞቹ ጓንት፣ ጭምብልና ቱታ ቢጠይቁዎ፣ ወተት መርዝ ያጥባል ብለው ከርጭት በኋላ ለእያንዳንዳቸው አንድ ኩባያ ወተት ስለመደቡላቸው እናመሰግናለን። ይህን ያደረጉት በሁዳዴ ነው። እርስዎም ጾመኛ ነዎት፤ ነአኩቶ ለአብ ድረስ ሄደው ሲሳለሙ አይተንዎታል። ከጾመኞች መካከል አንድም ወተት የሚጠጣ እንደማይገኝ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ያልተጠጣው ወተት የት ይገባ እንደነበር አልጠይቅም። የፋሲካው ቅቤዎ ግን መልካም እንደነበር ጎረቤቶችዎ ሁሉ መስክረዋል።

፫. መጋቢት ውስጥ በአንዱ ዓርብ ባንቺዓለም ከላስቲክ ቤቱ እየዳኸች ወጥታ በወደቀች ጊዜ፣ ከሁሉ ቀድመው ስለደረሱላት እናመሰግናለን። የደረሱት ኩባያ ይዘው ነው። እሷ ጥርሷን ነከሰች። የወልድያው ሚኒባስ ከፊታችን ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር፤ ማናችንም ወደዚያ አልዞርንም። ሕመሟን ትተን ስለ ጾሟ ተከራከርን። አንዱ ጠጪ ይላታል፣ ሌላው ያለ ካህን ቃል አትነካውም ይላል። እርስዎ ካህን ይጠራ አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ደርሼ ነበርና የሮጥኩት እኔ ነኝ። ይህን በእርስዎ ላይ አልጭነውም፤ እግሩ የእኔ ነው። ቄስ ሰይፈ ሥላሴን ይዤ ስመለስ ከወደቀች አንድ ሰዓት ሊሞላት ጥቂት ቀርቶት ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል፤ ጠጪ» አሏት።

ጠጣች። እስከ ግማሽ ጠጥታ ወደ እኔ ዞረችና «ባምላክ ወንድሜ፣ መግደፌን ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ደረቷን አዳምጣ፣ ስንት ሰዓት እንደወደቀች ጠየቀችን። ነገርናት። ወተት ለዚህ መርዝ ምንም እንደማይረባ፣ የሚረባው መርፌ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ ሳትቆጣ አስረዳችን። ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

፬. በመጨረሻም ስለ ሪፖርትዎ እናመሰግናለን። «ሟች የቀረበላትን መከላከያ አልወስድም በማለቷ በራሷ ጥፋት ሞታለች» ብለው ጽፈው፣ ማኅተም አድርገውበታል። ክቡርነትዎ፣ ኩባያውን ከከንፈሯ ላይ የያዘው እጅ የፈረመውም እጅ ነው። ጠጥታለች። ቄሱ አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ።

ነገር ግን ሪፖርትዎ አንድ ሰው ጠቅሟል፤ እሱንም መደበቅ ንፉግነት ይሆንብኛል። እናቴ ሲነበብላት ሰምታ፣ ልጄ ሳትገድፍ ሄደች ብላ ከእህቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። እኔ ደግሞ ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ስለጥፍ የእህቴን የመጨረሻ አደራ አፈርሳለሁ፤ የእናቴንም መጽናኛ እቀማለሁ። ዝም ብል እህቴ በራሷ ጥፋት እንደሞተች ይኖራል፤ ብናገር ደግሞ ይህ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንዲህ ያለ ምርጫ ስለሰጡኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ትናንት ማታ ለእናቴ በራሴ አፍ ነገርኳት፤ ከግድግዳ ላይ ከምትሰማው ብዬ። ምን እንዳለችኝ ለእርስዎ አልጽፍም።

ያንን መስመር በገዛ እጅዎ እስኪሰርዙ ድረስ ዕድሜና ንጹሕ አየር እንዳያጡ የምመኝልዎ፣ በሄዱበት ሁሉ ስምዎን ከማንሳት የማልቦዝን አክባሪዎ፣

ባምላክ ታፈረ
የባንቺዓለም ታፈረ ወንድም

ማስታወሻ፦ በእህቴ ቦታ ለቀጠሯት ለሰብሌ በፀረ-ተባዩ ጠርሙስ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ አነበብኩላት። ለሌሎቹም ደገምኩላቸው። ስለዚህ ሰኞ የሚረጭልዎ ሰው የለም። መርጫው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦልዎታል። ማንገቻው በእህቴ ትከሻ ልክ የጠበበ ነውና፣ ከማዘልዎ በፊት ላላ ያድርጉት።